ሽርጥ

ጎህ ሲቀድ ሮሳማ ነጭ ሽርጥ ይዛ ትመጣለች፤
«እጅዎን ይዘርጉ፣ አባባ» ብላ ታዝዛለች።
በግራ አዙራ፣ በቀኝ አጥፋ፣ ጫፉን ሸጉጣ፣
ጀልባ እንዳሰረ ሰው ትሄዳለች ወደ ጓዳ ሮጣ።

እኔ ኡሴፍ ነኝ፣ የቬምባናድ ሐይቅ ሰው፣
ሰማንያ አንድ ክረምት በላዬ የፈሰሰው።
በጨለማ ቋጠሮ የምፈታ በጥርሴ፣
ሽርጤን እንኳ መታጠቅ አቃተኝ ለራሴ።
ጣቶቼ ከድተውኝ ቋጠሮ ረሱ፤
እንደ ሞተ ሸርጣን ወደ መዳፌ ተመለሱ።

ልጄ ከኩዌት ይደውላል ዓርብ ሲደርስ፤
«ጀልባው ይሸጥ፣ አባባ፣ ከሚበሰብስ።»
ተሸጠ። ገዢው መጋረጃ ሰቀለ፣ ጣራ ሠራ፤
ዓሣ ይጭን የነበረው ጫነ ቱሪስት ከነካሜራ።
እኔም ደጅ ተቀምጬ ሲያልፍ አየዋለሁ፤
አያውቀኝም። እኔ ግን ስንጥቁን አውቃለሁ፤
በስተግራ፣ ከታች፣ በሙጫ የደፈንኩት፣
ልጄ የተወለደ ሌት በኩራዝ ያየሁት።

በየዓመቱ፣ ከትንሣኤ ማግስት፣ ቄሱ ያነቡታል፤
ሌሊቱን የደከሙት መረብ በቀኝ ጥለው ይሞላል።
መቶ ሃምሳ ሦስት ዓሣ! እኔ እዚያው ላይ እቀራለሁ፤
ማን ቆጠረው እያልኩ ስድሳ ዓመት ተከራክሬያለሁ
ከአማቼ ከቫርኪ ጋር። እሱ «ምሳሌ ነው» ይላል፤
እኔ፣ «የለም! ዓሣ አጥማጅ ሳይቆጥር እንዴት ያድራል?»
መረቡስ? አልተቀደደም። ያን መረብ ማን ሠራው?
እጄ እስኪቆስል ስጠግን እሱን ነበር የማስበው።
ከዓሣው በኋላ ያለውን ጆሮዬ ሰምቶት አያውቅ፤
ቆጥሬ ስጨርስ እሄዳለሁ፣ በሐሳብ ወደ ሐይቅ።

ዘንድሮ ዓይኔ ደከመ፤ ሮሳማ አነበበች፤
ዓሣው ላይ አልቆመችም፣ ሥራ አለባት፣ ቀጠለች።
በፍሙ ዳር ቁርስ በልቶ ስምዖን ገና ሳይነሣ፣
ጌታው ሌላ ነገር ነገረው፣ የማይገናኝ ከዓሣ፤
ወጣት ሳለ ራሱ ታጥቆ ወዳሻው መሄዱን፣
ሲያረጅ ግን እጁን ዘርግቶ ሌላ ሰው ማስታጠቁን፣
ወዳልወደደው መወሰዱን።

«ድገሚው» አልኳት፤ ደገመች። «እስቲ ሌላ ጊዜ»፤
ሩዟ እያረረባት፣ ታግሣ የኔን ትካዜ።

ለካ ይህን ያለው ለአጥማጅ ነው፣ እንደ እኔ ላለ ኩሩ፣
መቅዘፊያ ለማያጋራ፣ ለሚታዘዘው ባሕሩ።
ስድሳ ዓመት ይህ ቃል በዚያ መረብ ውስጥ ነበረ፤
እኔ ዓሣውን ስቆጥር፣ እርጅናዬን ጠብቆ አደረ።

ደግሞ ሌላ ትዝ አለኝ። ያን ሌሊት ከማዕዱ ተነሥቶ፣
ጌታው ፎጣ ታጥቆ ነበር፣ የባሪያ ሥራ ሽቶ።
ስምዖን «እግሬን አታጥብም!» ብሎ ነበር የተቆጣ፤
እኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ ሮሳማ ሽርጥ ይዛ ስትመጣ።

አልዋሽም፤ ዛሬም ይከፋኛል፣ ወገቤ ሲነካ አፍራለሁ፤
አንዳንድ ቀን እጄን ሳልዘረጋ ሆን ብዬ እዘገያለሁ።
እሷም ትጠብቃለች፣ ጨርቁን በክንዷ እንዳንጠለጠለች፣
ሻይዋ እየቀዘቀዘ፤ አንድም ቀን አልተቆጣች።

እሑድ በጎረቤት ጀልባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ፤
በመካከል፣ እንደ ኮኮናት ከረጢት፣ አስቀመጡኝ።
ሮሳማ ቀዘፈች። አቀዛዘፏ ልክ አይደለም፤
ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። አልነገርኳትም፣ ምንም።
ዝናብ ጀመረ፤ ሐይቁ ተበሳሳ እንደ ወንፊት፤
ጉልበቴ ላይ እጄ ተከፍቶ፣ ምንም ሳልይዝበት፣
ውሃ ብቻ ሞላበት።

«ማታ ታነቢልኛለሽ?» አልኳት።
«አዎ፣ አባባ፤ ከየት ልጀምር?»
«ያንኑ ነው» አልኳት፣
«ግን መጀመሪያ ዓሣው ይቆጠር።»